መጋቢው በሰርቨር ክፍል

«ሲስተም የለም።» ይህን ቃል በባንክ መስኮት፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በክፍያ ጣቢያ ቆሞ ያልሰማ ከተሜ ማግኘት ይከብዳል። ልጇን አዝላ ወረፋ የጠበቀች እናት ሰምታው ትመለሳለች፤ ጡረታቸውን ሊቀበሉ በጠዋት የወጡ አባት ነገ እንዲመጡ ይነገራቸዋል። ቃሉን የምትናገረው የመስኮት ሠራተኛ ራሷ ምን እንደተፈጠረ አታውቅም፤ የምታውቀው ስክሪኑ አልከፍት ማለቱን ነው። ከዚህ ቃል ጀርባ በቁልፍ የሚዘጋ፣ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን የሚያጉረመርም አንድ ጠባብ ክፍል አለ፤ በዚያ ክፍል ላይ የተሾመ ሰውም አለ። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ሲስተም አድሚኒስትሬተር ይባላል፤ ኮሪደሩ ላይ ግን «አይቲው» ወይም «አይቲዋ» ነው። የዛሬው ትምህርት ለእነርሱ ነው። ከእነርሱ መካከል ብዙዎች እምነታቸው እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚቀር፣ ሰኞ ጠዋት ሰርቨር ክፍል የማይገባ ይመስላቸዋልና።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለ ታማኝና ልባም መጋቢ ሲያስተምር፣ መጋቢው በቤቱ ሰዎች ላይ የተሾመው ለእያንዳንዱ ድርሻውን በሰዓቱ እንዲያደርስ መሆኑን ይነግረናል። ልብ በሉ፤ መጋቢው እህሉን አላመረተም፤ ጎተራውም የእርሱ አይደለም። የእርሱ የሆነው ታማኝነቱ ብቻ ነው። የሲስተም አድሚንም ነገር እንዲሁ ነው። ሰርቨሩን የገዛው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ በውስጡ ያለው የደመወዝ ዝርዝር የሠራተኛው፣ የይዞታ ፋይሉ የባለጉዳዩ፣ የሕክምና መዝገቡ የታማሚው ነው። እንግዲህ ይህ ሰው «ምን ያህል አውቃለሁ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «በእጄ ያለው የማን አደራ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከዕለት ሥራው መካከል ሰርቨርንና ሶፍትዌርን አፕግሬድ ማድረግን ለይቼ የማነሣው፣ ሌላው ሥራ በአብዛኛው የተበላሸን መጠገን ሲሆን ይህኛው እየሠራ ያለን ነገር መንካት ስለሆነ ነው። የተበላሸ ፕሪንተር ብትነኩ ማንም አይወቅሳችሁም። ደኅና የዋለውን የፋይናንስ ሰርቨር ማታ ነክታችሁ ጠዋት ባይነሣ ግን ጥፋቱ በሙሉ የእናንተ ነው። ሲሳካም አመስጋኝ የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ተሠርቶ ጠዋት ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ ሆኖ ከተገኘ ሥራው ተሳካ ማለት ነውና ማንም አያየውም። በዚህ ምክንያት ብዙዎች «እየሠራ ያለን ነገር አትንካ» የሚለውን አባባል እንደ ጥበብ ይዘውት ይኖራሉ። እኔ ጥበብ ነው አልልም። ለምን እንደማልል ከመሠረቱ እንነሣ።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እግዚአብሔር አዳምን በገነት ሲያኖረው ሁለት ኃላፊነት ሰጥቶታል፤ ገነትን መሥራትና መጠበቅ። ይህ የሆነው ከውድቀት በፊት ነው። ሥራ እርግማን ነው የሚሉ ሰዎች ምዕራፍ 3ን ከምዕራፍ 2 አስቀድመው ያነባሉ፤ በኋላ የመጣው እሾሁና የፊት ላቡ ነው እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ገነት እንኳ ጠባቂ ከተሾመላት፣ የሰው እጅ የሠራው ነገር ያለ ጠባቂ ይቆያል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ሶፍትዌር ደግሞ ማንም ሳይነካው ያረጃል። አይዝግም፣ አይነቅዝም፤ የሚያረጀው በዙሪያው ያለው ዓለም ስለሚለወጥ ነው። ትናንት ማንም ያላወቀው ቀዳዳ ዛሬ ይገኛል። አምራቹ ቀዳዳውን የሚደፍን ፓች ባወጣ ዕለት፣ ያንኑ ፓች እየመረመረ ቀዳዳው የት እንደነበር የሚያጠና ሌባም ሥራውን ይጀምራል። ስለዚህ ፓች ወጥቶ ያልጫነ ሰው ፓቹ ከመውጣቱ በፊት ከነበረበት ሁኔታ ይልቅ ተጋልጧል። አለመንካት ባለበት መቆየት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ደጋግመው ቢያስቡት እወዳለሁ።

መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ ለተገኘ አንድ ከባድ ቀዳዳ ፓች አወጣ። ግንቦት 4 ቀን፣ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን አዳረሰ። ፋይሎችን ይቆልፍና ለመክፈቻው በቢትኮይን ገንዘብ ይጠይቃል። በእንግሊዝ ሀገር የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፤ ቀዶ ሕክምና ተላለፈ፤ አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲዞሩ ተደረገ። በኋላ ሲጣራ የተጠቁት ኮምፒውተሮች ፓቹ ያልተጫነባቸው ወይም ዘመናቸው ያለፈባቸው ሆነው ተገኙ። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው በሽታው የገባው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት በእነዚያ ሆስፒታሎች ሁሉም ነገር «እየሠራ» ነበር።

ዘመን ማለፍን ካነሣን፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ከዚያ በፊት፣ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አብቅቷል። እነዚህ ቀኖች ከዓመታት በፊት የሚታወጁ ስለሆኑ ድንገት ደረሱብን የሚባሉ አይደሉም። ጣሪያ የሚታደሰው ሰኔ ሳይገባ ነው። በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ያለው ሲስተም እስከ መቼ ድጋፍ እንዳለው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለኃላፊያችሁ በበጀት ዝግጅት ወቅት ብትሰጡ፣ በጀቱ ባይፈቀድ እንኳ አደራችሁን ተወጥታችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከጌታ ፈተናዎች አንዱ በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ራሱን እንዲወረውር፣ መላእክት ይይዙሃልና ምንም አትሆንም መባሉ ነው። ጌታ አልተወረወረም። በአብ ጥበቃ ስላልታመነ አይደለም፤ ያለ ምክንያት ራስን አደጋ ላይ ጥሎ እግዚአብሔር እንዲያድን መጠበቅ እምነት ሳይሆን መፈታተን ስለሆነ ነው። ይህን ትምህርት በቅዳሜና በእሑድ ጉባኤ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ግን እንረሳዋለን። ባክአፕ ሳይወስድ፣ ወስዶም ሳይፈትሽ፣ «እግዜር ያውቃል» ብሎ አፕግሬድ የሚጀምር ሰው በጫፉ ላይ ቆሞ የተወረወረ ነው። አማትቦ መጀመሩ መልካም ነው፤ ማማተቡ ግን የባክአፕ ምትክ ተደርጎ አልተሰጠንም። ደግሞም የተወረወረው የራሱን ሕይወት ይዞ ብቻ አይደለም፤ የሌሎችን አደራ ተሸክሞ ነው።

«ባክአፕማ አለን» ትሉኝ ይሆናል። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅትም ነበረው። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ከመሸ በኋላ፣ ሥራውን ዘግቶ ሊሄድ የነበረ አንድ መሐንዲስ ሁለት የዳታቤዝ ሰርቨሮች አልተናበቡ ብለው ቆየ። ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የማጥፊያውን ትእዛዝ በዋናው ላይ ጻፈው። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ወደ ባክአፑ ሄዱ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ አገኙት። ምክንያቱ የዛሬውን ትምህርታችንን በቀጥታ ይመለከታል፤ ዳታቤዙ ወደ ፖስትግሬስ 9.6 ያደገ ሲሆን ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ግን በ9.2 ነበር የሚሠራው። ሁለቱ ስለማይስማሙ በየሌሊቱ ሥራው ተሰናክሎ ይቆማል። መሰናከሉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በመላኪያው ችግር ምክንያት ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ያዳናቸው፣ ያው መሐንዲስ ለሌላ የሙከራ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። በመካከል ያለው የስድስት ሰዓት ሥራ ግን ጠፍቶ ቀረ።

እንግዲህ ባክአፕ አለ የሚባለው ወደ ቦታው ተመልሶ ሲታይ ነው። አሠራሩን በቅርብ እንየው። አፕግሬዱ ለዓርብ ማታ ከተያዘ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከባክአፑ ውስጥ አንድ የፋይናንስ ፋይል ምረጡ፤ ያለፈው ወር የደመወዝ ሠንጠረዥ ይሁን። በዋናው ሰርቨር ላይ ሳይሆን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርጉት። ከዚያ የፋይናንስ ኃላፊዋን ጠርታችሁ እርሷ ራሷ ትክፈተው፤ የመጨረሻውን ድምር በእጇ ካለው የታተመ ወረቀት ጋር ታስተያየው። ድምሩ ከገጠመ ዳታቤዙንም ሙሉ በሙሉ በሙከራ ማሽን ላይ መልሱትና ፕሮግራሙ ይነሣ እንደሆነ እዩ። ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉ፤ ሪስቶሩ ሰባት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ወደ ነበረበት እንመልሰው» ብትሉ የሥራ መግቢያ ሰዓት ያልፍባችኋል። ስናፕሾትን ባክአፕ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ በዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ከቅጂዎቹ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ ከኔትወርክ የተነቀለ ይሁን። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ከሆነ፣ እንደ ዋናክራይ ያለው ሲመጣ እርሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ሦስት ቀን ቆየ፤ ከዚያም በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በር በበር ዞሮ ተመለከተ። ያሰበውን ለሹማምንቱ የነገራቸው ካየ በኋላ ነው። ንጉሡን ግን ከመምጣቱ በፊት አስፈቅዷል፤ የጊዜውንም ገደብ ነግሮታል፤ ለእንጨቱም ደብዳቤ አጽፏል። ይህ ቅደም ተከተል ለመሥሪያ ቤት ሰው እጅግ ይጠቅማል፤ ፈቃድ፣ ጊዜ፣ ዕቃ፣ ከዚያም በዓይን ማየት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የተነገረውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

በእኛ ሀገር መሥሪያ ቤት የሚታየውና የሚሰላው ነገር የራሱ ጠባይ አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። በእነዚያ ሳምንታት የፋይናንስ ሰርቨርን ለአፕግሬድ መንካት ሒሳብ የሚዘጉ ሰዎችን እጅ ማሰር ነው። ወር በገባ ከ20 በኋላ ደግሞ የደመወዝ ሥራ አለ። የጳጉሜን ቀኖች ሌላ መፈተኛ ናቸው፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚቆጥር ፕሮግራም ካላችሁ ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት በሙከራ ማሽኑ ላይ ቀኑን ወደፊት ገፍታችሁ ሞክሩት። መብራትም አለ። የዩፒኤሱ ባትሪ በእውነት ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ከዓርብ በፊት ይታወቅ። በተለይ ባዮስና ፈርምዌር በሚታደስበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ዳግም ላይነሣ ይችላል።

ፊደላችንን የሚመለከት ደግሞ አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት መሥሪያ ቤቶቻችን እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ጽፈዋል። የአሮጌዎቹ ፎንቶች ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። አይቲው ኮምፒውተሮቹን በአዲስ ዊንዶውስ ይተካና በደስታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ የመዝገብ ቤቷ እናት የ1994 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ ትከፍታለች፤ ገጹ በሙሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኗል። «አንተ ልጅ፣ ደብዳቤዎቼን ምን አደረግኸብኝ?» ትለዋለች። ፋይሉ አልጠፋም፤ ፎንቱ ነው የሌለው። ግን ለእርሷ ሃያ ዓመት የጠበቀችው መዝገብ ጠፍቷል። በዩኒኮድ የተጻፈው እንኳ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ ፎንት በዊንዶውስ 10 ተጨማሪ አማራጭ ሆኖ ስለተለየ፣ በኒያላ የተዘጋጀ ሰነድ ቅርጹ ተዛብቶ ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ አሮጌው ማሽን ሳይነሣ የፎንቶቹን ፋይሎች ሰብስቡ፤ ከየክፍሉ አሮጌ ሰነዶችን ተቀብላችሁ በአዲሱ ላይ ክፈቱ፤ ጊዜ ሲገኝም ወደ ዩኒኮድ ለውጧቸው። ይህን ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ በስተቀር የሚያስታውሳችሁ የለም፤ እርሷም አስቀድሞ ካልተጠየቀች አትናገርም።

በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ላይ ብዙ አንባቢ ዘሎ የሚያልፈው ረጅም የስም ዝርዝር አለ፤ እገሌ ይህን በር ሠራ፣ ከእርሱ ቀጥሎ እገሌ እስከዚህ ድረስ አደሰ እያለ ይሄዳል። ለእኔ ከመጽሐፉ ውድ ገጾች አንዱ ነው። ከቅጥሩ አንድ ክንድ እንኳ ባለቤት ሳይኖረው አልተተወም። ዝርዝር መያዝ የመንፈሳዊ ሰው ሥራ አይመስለንም፤ ነገር ግን ያልተዘረዘረ ሥራ አንድ ቦታ ይጎድላል። ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በሚሠራው ናይት ካፒታል በተባለው ድርጅት ላይ የደረሰው ይህ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ በሰባቱ ተጫነ፤ በስምንተኛው ተረሳ። ሌላ ሰው ዞሮ እንዲያይ የሚያዝ የተጻፈ ሥርዓት አልነበረም። ገበያው ሲከፈት በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ጥቅም ላይ ያልዋለ አሮጌ ኮድ ነቃና ያለ ማቋረጥ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎች ልኮ ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ ያያቸው ሰው አልነበረም። ሰዎቹ በድንጋጤ አዲሱን ፕሮግራም ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ ይህም ችግሩን ወደ ሰባቱ አዛመተው። በ45 ደቂቃ ውስጥ የተሠራው ንግድ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሳጣቸው፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ በሌላ ድርጅት ተጠቀለለ።

እናንተ ጋ የአክሲዮን ገበያ ላይኖር ይችላል፤ ስምንተኛው ሰርቨር ግን አለ። አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር በቅርንጫፍ ቢሮ ተረስቷል፤ አንድ የጣት አሻራ መመዝገቢያ ኮምፒውተር ከበሩ አጠገብ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ማንም አይቲ ያልገዛው አንድ ላፕቶፕ የመጋዘኑን ሶፍትዌር ይሸከማል። ዞራችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ ጻፉ። ሥራው ሲጀመርም ሁሉም በአንድ ሌሊት አይሁን፤ አስቀድሞ ሁለት ሦስት ማሽኖች፣ ምናልባትም የእናንተው የአይቲ ክፍል፣ ከዚያ አንድ ክፍል፣ ከዚያ ሌላው። እያንዳንዱ ሲጠናቀቅ የሠራው ሰው ይፈርም፤ ያልሠራው ሌላ ሰው ደግሞ አይቶ ይፈርም። ሁለተኛው ፊርማ የመጀመሪያውን ሰው አለማመን አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የማንም ዓይን የራሱን ስሕተት አያይም።

አሁን ደጋግሞ ወደሚነሣ ጥያቄ እንምጣ። መሥሪያ ቤቱ ባዶ የሚሆነው እሑድ ስለሆነ አፕግሬድ ሁሉ እሑድ ላይ ይወድቃል። ቅዳሴስ? ጌታ በሰንበት ጉድጓድ ውስጥ የወደቀውን በሬ ማውጣት እንደሚገባ አስተምሯል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት የሆስፒታሉ ሰርቨር ቢወድቅ፣ ታማሚ የሚጠብቀው ነገር አለና ሄዶ ማንሣት ምሕረት ነው፤ ሰንበትን መሻር አይደለም። ነገር ግን ከወር በፊት በዕቅድ የተያዘ አፕግሬድ የወደቀ በሬ አይደለም። በሬውን እኛው ለሥራ እንዲመቸን ቀን ቀጥረን ወደ ጉድጓዱ የምንወስደው ከሆነ በዚህ ቃል መሸሸግ አንችልም። በእኔ አስተያየት መጋቢው አስቀድሞ ከኃላፊው ጋር ተነጋግሮ ከሥራ ቀናት ምሽቶች አንዱን ማስፈቀድ አለበት፤ ብዙ ኃላፊዎች ከተጠየቁ አይከለክሉም። እሑድ ካልሆነ በቀር የማይቻልበት ቦታ ካለም ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፣ ተራው በባልደረቦች መካከል ይዙር፣ የዕረፍቱ ቀንም በምትኩ ይሰጥ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥሩ ለሚተዳደሩ ሠራተኞች በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። ይህን መጠየቅ ስንፍና አይደለም። ሳያርፍ የሚሠራ አድሚን በደከመ እጁ የሚጽፈውን ትእዛዝ ከላይ በጊትላብ ታሪክ አይተናል።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ መጠበቅ አለ። ስክሪኑ ላይ 37 በመቶ ይልና አርባ ደቂቃ አይንቀሳቀስም። እጅ ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ይሄዳል። ቅዱስ እንጦንስ በበረሃ ስልቹነት ባስጨነቀው ጊዜ፣ ራሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ዳግም ተቀምጦ ሲታታ አየ፤ የታየው ሥርዓቱን ሊያስተምረው የተላከ መልአክ ነበር። የመጠበቂያው ሰዓትም እንዲህ ይከፈል። የዲስኩ መብራት ብልጭ እያለ ከሆነ ማሽኑ ይሠራልና አትንኩት። እስከዚያ የሠራችሁትን በማስታወሻው ላይ ጻፉ፤ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ተነሥታችሁ ጸልዩ፤ ደግሞ ተመልሳችሁ እዩ። ወደኋላ የምትመለሱበትን ሰዓትም አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካልተሳካ ወደ አሮጌው እንመለሳለን» ተብሎ በቀን ብርሃን የተወሰነ ውሳኔ በሌሊት ከሚመጣ እልህ ያድናል።

ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ሳለ ጌታው ያለውን ሁሉ በእጁ ትቶለት ነበር። ሙሉ ሥልጣን ያለው አድሚንም በመሥሪያ ቤቱ የማይከፍተው ፋይል የለም። ኢሜይሎች ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ሲዛወሩ የዋና ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ፣ የባልደረባ የዲሲፕሊን ክስ፣ የጓደኛ የሕክምና ማስረጃ በዓይኑ ሥር ያልፋል። ማንም አያይም፤ መዝገቡን የሚያጠፋውም እርሱ ነው። ዮሴፍ የተፈተነበት ሰዓትም በቤት ውስጥ ማንም ያልነበረበት ሰዓት ነው። በደል የሚጀምረው ከመስረቅ አይደለም፤ «በትክክል መዛወሩን ላረጋግጥ» በሚል ሰበብ ከማንበብ ነው። ለማረጋገጥ ማንበብ አያስፈልግም። የፋይሎቹን ብዛትና መጠን አስተያዩ፤ ይዘቱ ሳይከፈት መመሳሰሉን የሚለዩ ፕሮግራሞች አሉ፤ መከፈት ካለበትም ባለቤቱ ይጠራና እርሱ ይክፈተው። በአጋጣሚ ያያችሁት ካለ ለማንም፣ ለትዳር አጋራችሁም ቢሆን፣ አይነገር።

በማግስቱ ጠዋት ከሠራተኛው ሁሉ ቀድማችሁ ተገኙ። የሆነውን በግልጽ ንገሩ፤ ምን እንደተቀየረ፣ ምን እንዳልተሳካ፣ መቼ እንደሚስተካከል። ጊትላብ በዚያ ክፉ ቀን መረጃውን የማዳን ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላልፏል፤ በኋላም የእያንዳንዱን ባክአፕ ድክመት ጽፎ አወጣ። ተጠቃሚዎቹ ተቆጥተው ነበር፤ የተነገራቸው ግን እውነት ነበር። ዛሬ የሌላ መሥሪያ ቤት አድሚን ከዚያ ጽሑፍ ተምሮ ባክአፑን የሚፈትሸው ያ እውነት ስለተጻፈ ነው። ጥፋትን በ«ኔትወርክ ነው» ሸፋፍኖ ማሳለፍ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ እጅግ ያሳዝነኛል። በመጋቢነት ላይ የሚጠየቀው ሒሳብ ትክክለኛ ሒሳብ ነው።

አሮጌውን ሰርቨር ወዲያውኑ አትልቀቁት። ኔትወርኩን ንቀሉት እንጂ አንድ ሙሉ የደመወዝ ወር እስኪዞር ባለበት ይቆይ፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈለግ ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ያኔ ነው። ከዚያ ወደ ንብረት ክፍል ይሄዳል፤ ንብረት ክፍሉም በሐራጅ ይሸጠዋል። ዲስኩ ግን እንደነበረ እንዳይሄድ። ፋይል ማጥፋትም ሆነ የይድረስ ይድረስ ፎርማት መረጃውን አያጠፋውም፤ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ተመልሶ ይነበባል። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ በላዩ ይጻፍበት፤ ኤስኤስዲ ከሆነ በአምራቹ የማጥፊያ ትእዛዝ ይጥፋ፤ የተበላሸና የማይነሣ ከሆነ በመሰርሰሪያ ይበሳ። ይህ ሁለት ሰው ባለበት ይደረግ፤ የዲስኩም መለያ ቁጥር በንብረት መዝገቡ ላይ ሰፍሮ ሁለቱም ይፈርሙበት።